ተሸንፎ የመጣ ልጅ፦ ታዳጊ ስፖርተኞች ሽንፈትን እንዲችሉት እንዴት እናሠልጥን?

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ የተሸነፈውን ልጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ቀና ይልና ወደ ሜዳው ዳር ያማትራል። የሚፈልገው አባቱን፣ እናቱን ወይም አሰልጣኙን ነው፤ ፊታቸው ላይ ያየውን ይዞ ወደ ልብስ መቀየሪያው ይገባል። ፊታቸው ተቋጥሮ ካገኘው ጨዋታውንም እነሱንም ያጣ ይመስለዋል። እንደ ወትሮው ካገኘው ግን የተሸነፈው ጨዋታውን ብቻ ነው፤ ለጨዋታ ደግሞ ሌላ ቀን አለ።

ሽንፈትን መቻል ልጅ ይዞት የሚወለደው ነገር አይደለም፣ በምክር ብቻም አይመጣም። እንደ ኳስ ማቆም፣ እንደ ሩጫ አነሳስ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ልምምድ ከሆነ ደግሞ ሰዓት፣ ድግግሞሽና መጠን አለው። ይህ ጽሑፍ ከ6 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉና ለሚያሠለጥኑ ነው።

ከውድድሩ በፊት

አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከሽንፈቱ በኋላ ነው የሚጀምረው። ልጁ ወደ ሜዳ የሚገባው «ማሸነፍ አለብኝ» የምትል አንዲት ግብ ብቻ ይዞ ከሆነ፣ ሲሸነፍ ባዶ እጁን ይወጣል። ማሸነፍ ደግሞ በተጋጣሚው፣ በዳኛው፣ በአየሩም ስለሚወሰን ሙሉ በሙሉ በእጁ ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከውጤት ግቡ ጎን ሁለት በእጁ ያሉ ግቦች ይያዝ። ሁለት ይበቃሉ፤ አምስት ከሆኑ አንዱንም ሜዳ ላይ አያስታውስም።

ጥሩ ግብ ሌላ ሰው ከዳር ቆሞ «አደረገው» ወይም «አላደረገውም» ሊል የሚችለው ነው። «በርትቼ እጫወታለሁ» ግብ አይደለም፤ መመዘኛ የለውምና። «ኳስ ከመቀበሌ በፊት ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ»፣ «ኳስ ከተነጠቅኩ ሳልቆም ለአምስት ሰከንድ አሳድዳለሁ» የሚሉት ግን ይቆጠራሉ። ለዋናተኛ «ከግድግዳው ስገፋ ሦስት የውኃ ውስጥ ምት ሳልጨርስ አልወጣም» ሊሆን ይችላል። ግቦቹን ልጁ ራሱ፣ በራሱ ቃላት፣ ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት ይጻፋቸው። የውድድሩ ቀን ጠዋት ላይ አዲስ ነገር መጨመር ሆዱ ውስጥ ያለውን ጭንቀት ከማብዛት ሌላ ጥቅም የለውም። በዚህ ደረጃ በብዛት የሚበላሸው አባት ግቡን ሲጽፍ ነው፤ ያኔ ልጁ የሌላ ሰው ሥራ ይዞ ይገባል፣ ሲሸነፍም የሚፈራው ለዚያ ሰው የሚሰጠውን መልስ ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት «እንዲህ ቢሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ሐሳብ ነው። ቀድመው ቢያስቆጥሩብን፣ ኳሷን እኔ ከመረቡ አንስቼ መሐል አደርሳለሁ። የመጀመሪያውን ዙር በመጨረሻ ቦታ ብጨርስ፣ ትከሻዬን ዘና አድርጌ ከፊቴ ያለችውን አንድ ሯጭ ብቻ አያለሁ። መጥፎውን አስቀድሞ ማሰብ ሟርት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ልጁን የሚያደነዝዘው ግን ያላሰበው ነገር ድንገት ሲደርስበት ነው፤ አስቀድሞ መልስ ያዘጋጀለት ነገር ሲመጣ እግሩ አይታሰርም።

ሜዳ ላይ ስህተት ሲሠራ

ትልቅ ሽንፈት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ትንሽ ስህተት ነው። ልጁ አንድ ኳስ ያበላሻል፤ ስለ እሷ ሲብሰለሰል ሁለተኛው ያመልጠዋል፤ ከዚያ ኳስ ወደ እሱ እንዳይመጣ መደበቅ ይጀምራል። ይህን ሰንሰለት የሚቆርጠው በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ ቋሚ ልማድ ነው። መጀመሪያ ሰውነት፦ እጁን ያራግፋል ወይም ካልሲውን ይስባል፤ የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ቀጥሎ ትንፋሽ፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠረ ይስባል፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠረ ያወጣል። ማውጫው ከመሳቢያው የሚረዝመው ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ስለሚያረጋጋ ነው። ሩጫው ፋታ ካልሰጠው አንድ ረጅም ማውጣት ብቻ ይበቃል። በመጨረሻ ቃል፦ «ቀጣይ»፣ «ተመለስ»፣ ወይም ልጁ የመረጣት ሌላ አጭር ቃል። ቃሏ ቀጥሎ የሚሠራውን የምትጠቁም ትሁን፤ «አትሳሳት» ስህተቱን መልሳ ትጠራዋለች።

ይህ ልማድ ውድድር ቀን ተነግሮ ውድድር ቀን አይሠራም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት በየልምምዱ ይደጋገም፤ አሰልጣኙ ኳስ የተበላሸበትን ልጅ «አሁን አድርጋት» ብሎ ያስታውሰው፣ አድርጎ ሲመለስ ደግሞ ያመስግነው። ሥራውን ሁሉ የሚያፈርሰው ከዳር የሚመጣ ጩኸት ነው። ልጁ በዚያች ቅጽበት ጆሮውና ዓይኑ ክፍት ነው፤ «ምን ነካህ አንተ!» የምትለዋ ድምፅ ከገባች ትንፋሹም ቃሉም ይጠፋል። ስህተት እንደሠራ ወደ ተቀያሪ ወንበር የሚያይ ልጅ ካላችሁ፣ የሚያየው ምን ፈልጎ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ወድቆ መነሳት ምን እንደሚመስል ለልጆች ለማሳየት ከኔዘርላንዷ ሯጭ ከሲፋን ሀሰን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ1,500 ሜትር ማጣሪያ ላይ፣ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ከፊቷ የነበረች ሯጭ ስትደናቀፍ እሷም ወደቀች። ተነሳች፣ ሁሉንም አልፋ ማጣሪያውን በአንደኝነት ጨረሰች፤ በዚያው ቀን ምሽት የ5,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ለልጆች ግን ይህን ብቻ መንገር ግማሽ እውነት ነው፤ ከወደቁ በኋላ ሁልጊዜ ማሸነፍ ያለ ይመስላቸዋል። ሌላኛውንም ግማሽ ንገሯቸው፦ በ2023 የቡዳፔስት ዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ፍጻሜ እየመራች መስመሩ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች። ጉዳፍ ፀጋይ አሸነፈች፣ ሲፋን 11ኛ ሆና ጨረሰች። ከሦስት ቀን በኋላ በ1,500 ሜትር ነሐስ፣ ቀጥሎም በ5,000 ሜትር ብር አገኘች። በ10,000 ሜትር ያጣችውን ወርቅ ማንም አልመለሰላትም፤ ቀጣዩ ውድድር ላይ ግን መስመሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጆች ሊያዩት የሚገባው ይህንን ነው።

ከፊሽካው በኋላ ያሉት ሰዓታት

መጀመሪያ ሰውነቱን ተንከባከቡ። የደከመ፣ የተጠማና የበረደው ልጅ ሐዘኑ በእጥፍ ይከብደዋል። ውኃ ይጠጣ፣ ላቡ ሳይደርቅበት ደረቅ ልብስ ይልበስ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚበላ ነገር ያግኝ። ተጋጣሚውን እጅ ሳይጨብጥ ከሜዳ አይውጣ፤ እያለቀሰም ቢሆን ይጨብጥ። ይህ ለድርድር የማይቀርብ ሕግ ይሁን፤ ከጊዜ በኋላ ለልጁ መያዣ ይሆነዋል፣ ሁሉም ነገር ሲፈርስ በትክክል የሚያደርገው አንድ ነገር ያገኛልና።

ማልቀስ ከፈለገ ያልቅስ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትለው ቃል እንባውን ታቆም ይሆናል፤ ስሜቱን ግን አታቆመውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናንተ ይሸሽገዋል፣ እናንተም ልጁ ሲጎዳ የምታውቁበት መንገድ ይዘጋል። «ምንም አይደለም፣ ጨዋታ እኮ ነው» ማለትም አይጠቅምም፤ ለእሱ በዚያ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። «እዚህ ነኝ፤ ውኃህን ጠጣ» ይበቃል። እጅን ትከሻው ላይ ማድረግም ይበቃል፤ አንዳንድ ልጅ ግን ሲሸነፍ መነካት አይወድም፣ ያንንም አክብሩለት።

ወደ ቤት የምትመለሱበት መንገድ ላይ ስለ ጨዋታው አታንሱ። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው፦ ልጁ ከአጠገባችሁ ተቀምጧል፣ መሄጃ የለውም፣ እናንተ ደግሞ ያያችሁት ሁሉ አፋችሁ ላይ ነው። ያያችሁትን ነገ ብትነግሩት አይረሳባችሁም። እሱ ራሱ ካነሳው ግን ስሙት። እንዲህ ያለ ንግግር እንውሰድ፤ የ12 ዓመት ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ቡድኑ ተሸንፏል።

«በእኔ ምክንያት ነው የተሸነፍነው» ይላል።

«አይደለም፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» ማለት ያምራል፤ ልጁ ግን ኳሷ ወደ ውጭ ስትወጣ አይቷል፣ ስለዚህ የምትሉት ነገር እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ሌላ ቀን ስታመሰግኑትም አያምናችሁም። «በግራ በኩል ምታ ብዬህ አልነበረም?» ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው ነው። ይልቅ፦ «ፍጹም ቅጣት ምት መሳት ያማል» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይቆይ፤ ግማሽ ደቂቃ ረጅም ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ምናልባት «ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት» ይላል። አሁን ትክክለኛው ጉዳይ ወጣ፤ የጎዳው ኳሷ ብቻ ሳትሆን ሐፍረቱም ነው። «ምን ያስቡ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢመልስም ባይመልስም በዚያ ይብቃ። ነጋ ጠባ የሚታወሰው የምትናገሩት ሳይሆን አለመቸኮላችሁ ነው።

ስልክ ለያዙ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ የቡድኑን የመልእክት መለዋወጫ እስከ ማግስቱ ጠዋት አይክፈቱ። በትኩስ ሽንፈት የተጻፈ መልእክት በማግስቱ ብዙ ጓደኝነት ያበላሻል።

በማግስቱ፦ አሥራ አምስት ደቂቃና አንድ ደብተር

ልጁ ተኝቶ ከተነሳ በኋላ፣ ከበላ በኋላ፣ ሽንፈቱን መመርመር ይቻላል። 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አይለፍ። ብዕሩን ልጁ ይያዝ። ሦስት ነገር ይጽፋል፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ምን ሠራልኝ (ሁለት ነገር፣ በዝርዝር)፣ ምን አልሠራልኝም፣ በዚህ ሳምንት የምለማመደው አንድ ነገር ምንድን ነው። «የሠራልኝ» የሚቀድመው ለማጽናናት አይደለም። የተሸነፈ ልጅ ጨዋታውን የሚያስታውሰው ከመጥፎው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ከጀመረ ሌላው አይታየውም።

ያልሠራውን ነገር ምክንያቱን ሲጽፍ ምክንያቶቹን በሦስት ይክፈላቸው፦ በእጄ የነበረ፣ በከፊል በእጄ የነበረ፣ ከእጄ ውጪ የነበረ። ዳኛው በድሎኛል ካለ ይጻፈው፤ በሦስተኛው ረድፍ ይግባ። በዚያ ረድፍ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይፈቀዳል፣ ምክንያቱም የሳምንቱ ልምምድ የሚወጣው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ነው።

በተግባር እንየው። የ13 ዓመት ሯጭ በ800 ሜትር 6ኛ ወጥታ በ2 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰች። የመጀመሪያው 400 ሜትር 68 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 78 ሰከንድ ነው። «አልተቻልኩም፣ ደካማ ነኝ» ብላ ጽፋለች። ቁጥሮቹ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፦ አቅሟን በመጀመሪያው ዙር ጨርሳ በሁለተኛው አሥር ሰከንድ ከፍላለች። ይህ በእጇ ያለ ነገር ነው። እኩል ፍጥነት ብትሮጥ 72 እና 72፣ ማለትም 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ መሮጥ ይቻላት ይሆናል። የሳምንቱ ልምምድም ተገኘ፦ ስድስት ጊዜ 200 ሜትር በ36 ሰከንድ፣ በመካከል ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ ሰዓት ሳታይ። በየዙሩ መጨረሻ ሰዓቱ ሳይነገራት «ስንት ሰከንድ ሮጥኩ?» ብላ ትገምታለች፤ ከዚያ ይነገራታል። በመጀመሪያው ቀን ግምቷ አራት አምስት ሰከንድ ሊስት ይችላል። ስህተቱ ወደ አንድ ሰከንድ ሲጠጋ ሰውነቷ ፍጥነቱን አውቋል ማለት ነው። «ደካማ ነኝ» የሚለው ቃል «ፈጥኜ ወጣሁ» ወደሚለው ሲቀየር ሽንፈቱ ሊሠሩበት የሚቻል ነገር ይሆናል። የምርመራው ዓላማ ይኸው ነው።

ይህ ደረጃ የሚበላሸው ፍርድ ቤት ሲሆን ነው። ወላጅ ቪዲዮ ከፍቶ «እዚህ ጋ ተመልከት፣ እዚህ ጋም» እያለ ሲያቆም ሲያስጀምር፣ ልጁ መከላከያ መልስ ያዘጋጃል እንጂ አይማርም። ቪዲዮ ካለ ልጁ ራሱ ሦስት ቅንጭብ መርጦ ለእናንተ ያሳያችሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ ያንኑ ስህተት ከጻፈ ደግሞ ችግሩ በትኩረት ላይ ላይሆን ይችላል፤ መሠረታዊ ቴክኒክ ወይም የሰውነት አቅም ነው፤ ያ የአሰልጣኙ ሥራ ነው።

ምስጋና እንዴት ይሰጥ

እ.ኤ.አ. በ1998 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት ታትሟል። ልጆቹ ፈተናውን ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹ «ብልህ ነሽ» ተባሉ፣ ገሚሶቹ «ጥረሻል» ተባሉ። ቀጥሎ ከባድ ፈተና ተሰጥቷቸው ሁሉም ከበዳቸው። በሦስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ያለ ፈተና ሲሰጥ «ብልህ» የተባሉት ከመጀመሪያው ዝቅ አሉ፣ «ጥረሻል» የተባሉት ከፍ አሉ። «ብልህ» ከተባሉት መካከል ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ሲጽፉ የዋሹትም ይበዛሉ። ጥናቱ በፈተና ላይ እንጂ በስፖርት ላይ አይደለም፤ ለሜዳም ግን ይሠራል። «አንተ እኮ ተፈጥሮህ ነው» የተባለ ልጅ ሲሸነፍ ተፈጥሮው የተነጠቀ ይመስለዋል።

ቢሆንም «ጥረሻል» የሚለውም ለሁሉም ነገር ከተሰጠ ያረጃል። ልጆች ባዶ ምስጋናን ቶሎ ይለያሉ። የሚጠቅመው ምን እንዳደረገች መናገር ነው፦ «ሁለት ለዜሮ ተመርተን ሳለ ወደ ኋላ ሮጠሽ ሦስት ኳስ ቆርጠሻል» ያለ ሰው፣ የሚደገም ነገር ነግሯታል። ተመሪ ሆነው እያለ ያደረገችውን ማመስገን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከአሸናፊነት ጋር ያልተያያዘ ምስጋና መሆኑን ታውቀዋለች።

ሽንፈትን በልምምድ ማለማመድ

አሰልጣኞች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ክፍል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ሚዛኑ አስቀድሞ የተዛባ ጨዋታ አድርጉ። አንዱ ቡድን ሁለት ለዜሮ ተመርቶ ይጀምርና ስምንት ደቂቃ ይሰጠው። ወይም አራት ልጆች በአምስት ላይ ይጫወቱ። ቡድኖቹ በየሳምንቱ ይቀያየሩ፤ ያው ልጅ ሁልጊዜ ከኋላ ከጀመረ ልምምድ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆንበታል። ሲጨርሱ ውጤቱን ሳይሆን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሲከብድ ማን ማንን አበረታታ?» መጀመሪያ ዝም ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ስም ይጠራራሉ።

ለሁለት ዓይነት ልጆች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ቶሎ ያደገው ነው፦ በ12 ዓመቱ ከእኩዮቹ ረዝሞና ከብዶ በጉልበት ብቻ የሚያሸንፍ። ሌሎቹ በ15 እና 16 ዓመታቸው ሲደርሱበት መሸነፍ ይጀምራል፣ ያኔም እንዴት እንደሚሸነፍ አያውቅም፤ ብዙዎች ስፖርቱን የሚተዉት በዚህ ሰዓት ነው። ይህን ልጅ አልፎ አልፎ ከትልልቆቹ ጋር አለማምዱት፣ በአካሉ ሳይሆን በቴክኒኩ ማለፍ ይማር። ሁለተኛው ሁልጊዜ የሚሸነፈው ነው። ለእሱ ሽንፈት መለማመድ አያስፈልገውም፣ በቂ አለው። የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ የሚያሸንፍበት ደረጃ ነው። ለማንኛውም ልጅ ከ10 ውድድር ሦስቱ የሚያሸንፍባቸው፣ አራቱ እኩል የሚፋለሙባቸው፣ ሦስቱ ከአቅሙ ከፍ ያሉ ቢሆኑ ጤናማ ድብልቅ ነው፤ ይህ ጥብቅ ቀመር ሳይሆን መርሐ ግብር ስታወጡ ማየት ያለባችሁ ሚዛን ነው።

ከሽንፈት በኋላ ሜዳ ዙሪያ ማስሮጥን ተዉት። ልጆች ሩጫን ከቅጣት ጋር ያያይዙታል፤ ከዚያም በላይ ስህተት ዋጋ እንደሚያስከፍል ተምረው አደጋ ያለበትን ኳስ መሞከር ያቆማሉ። ደፋሩ ልጅ ወደ ኋላ ብቻ የሚያቀብል ይሆናል።

ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ስህተት ሲሠራ ማበረታታትና ማስተማር፣ መቅጣትን መቀነስ የሚሉትን ለአሰልጣኞች አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሥራቸው፣ ከሠለጠኑት አሰልጣኞች ጋር ከተጫወቱት ልጆች በቀጣዩ ዓመት ያልተመለሱት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልሠለጠኑት ጋር ከተጫወቱት 26 በመቶ አልተመለሱም። ልጁ የሚቆየው በምን ዓይነት አሰልጣኝ እጅ እንደተሸነፈ ታይቶ ነው ማለት ይቻላል።

በዕድሜ የሚለየው

ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐዘኑ አጭር ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጨዋታ ውስጥ ይገባል። የሚያስረዝምበት አዋቂው ነው። በዚህ ዕድሜ ምርመራም ደብተርም አያስፈልግም፤ «ምኑ ደስ አለሽ?» ብቻ።

ከ10 እስከ 13 ዓመት ራሱን ከእኩዮቹ ጋር ማነጻጸር ይበረታበታል። ከማን በታች እንደሆነ ያውቃል። የራሱን የድሮ ውጤት ከአዲሱ ጋር የሚያይበት ደብተር እዚህ ላይ ነው ትልቅ ጥቅም ያለው።

ከ14 እስከ 17 ዓመት ግን ስፖርቱ ማንነቱ ሊሆን ይችላል። «እኔ ዋናተኛ ነኝ» ለሚል ልጅ የመዋኛ ሽንፈት የራሱ ሽንፈት ነው። ከስፖርቱ ውጪ ቢያንስ አንድ የሚወደውና የሚሠራው ነገር እንዲኖረው አድርጉ። ምርመራውንም ለእሱ ተዉለት፤ «መቼ እናውራ?» ብላችሁ ቀኑን እሱ ይምረጥ።

ከምርጫ መውደቅ

ለቡድን ሳይመረጡ መቅረት ከጨዋታ ሽንፈት ይለያል፤ ቀጣይ ግጥሚያ የለውምና። አሰልጣኙ ዜናውን ለልጁ በአካል፣ ለብቻው፣ በአጭሩ ይንገረው። የተለጠፈ ዝርዝር ውስጥ ስሙን በሰው ፊት ፈልጎ ያጣ ልጅ ያንን ቅጽበት ለረጅም ጊዜ ይሸከማል። ልጁ ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ወላጅ ሳይሄድለት፣ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፦ «አሰልጣኝ፣ እባክዎ ምን እንደጎደለኝ ይንገሩኝ? ከሁሉ በፊት የቱን ላሻሽል? ድጋሚ የሚያዩኝ መቼ ነው?» ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ቀን ያለው ተስፋ ይሰጠዋል። ቀን ከሌለ ደግሞ ያንን ማወቁ ሌላ ክለብ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ሐዘኑ ከተራ ሐዘን ሲያልፍ

የተሸነፈ ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ቢከፋው የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ፣ ከየውድድሩ በፊት ሐኪም ምክንያት ያላገኘለት የሆድ ሕመም ወይም ትውከት ከተደጋገመ፣ ምግብ መከልከል ወይም ተደብቆ ከልክ በላይ መለማመድ ከጀመረ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም ይየው። ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ በዚያኑ ቀን ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ እስከዚያ ብቻውን አትተዉት። እንዲህ ያለውን ንግግር «ለማስፈራራት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። በቀጥታ «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ በር ይከፍትለታል።

የአዋቂው ድርሻ

ይህን ሁሉ ሥራ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ ሜዳው ዳር የቆመ፣ ልጁን በጣም የሚወድ ሰው ነው። ንዴታችሁ ከበዛ ከመስመሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዙሩ፣ ከዚያ ልጁ ጋ ሂዱ። ከአሰልጣኙ ጋር የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ተስማሙ፦ ጨዋታ ላይ መመሪያ የሚሰጠው አሰልጣኙ ብቻ ነው፣ ወላጅ ያጨበጭባል። ከአሰልጣኙ ጋር ቅሬታ ካላችሁ ከጨዋታው በኋላ ባለው ማግስት፣ ልጁ በሌለበት ተነጋገሩ። ልጁ የሁለት አዋቂዎችን ክርክር ከሰማ ሽንፈቱን ከማን ጋር እንደሚካፈል ግራ ይገባዋል፤ ሁለቱንም እንዳያስቀይም ብሎ ከሁለቱም ይሸሽገዋል።